ሁለት ሥር ያለው ስም፦ የሕፃናት ሳልና የፈረስ ዳሌ

በእንግሊዝኛ «ክሩፕ» የሚባለው ቃል ፈጽሞ የማይዛመዱ ሁለት ነገሮችን ይሰይማል፤ አንደኛው በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚይዝ፣ ድምፅን የሚያጎረንንና የውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል የሚያስከትል የማንቁርት ሕመም ሲሆን፣ ሁለተኛው የፈረስንና የመሰሎቹን እንስሳት የኋላ አካል፣ ማለትም ከወገብ መጨረሻ እስከ ጅራት ሥር ያለውን ክብ ሥጋማ ክፍል ያመለክታል። ሁለቱ በአጻጻፍም ሆነ በአነባበብ በአንዲት ፊደል እንኳ ስለማይለያዩ፣ አንዱ ትርጉም ከሌላው ተወልዶ እንደሆነ ወይም ሁለት ባዕድ ቃላት በመንገድ ተገናኝተው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ጥያቄውን በታሪክ መንገድ መመርመርና አንድ ስም ሁለት ነገር ሲሸከም በመዝገበ ቃላትም ሆነ በሕክምና ምን ዓይነት ስሕተት ሊያስከትል እንደሚችል ማሳየት ነው። በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትርጉመ ብዙ እና ሞክሼ

የቋንቋ ሊቃውንት አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ሲኖረው ሁለት ዓይነት ሁኔታዎችን ይለያሉ። የመጀመሪያው «ትርጉመ ብዙ» ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ አንድ ሥር ያለው ቃል ፍቺውን ደረጃ በደረጃ እያሰፋ ይሄዳል፤ ለምሳሌ በአማርኛ «ራስ» የሚለው ቃል ከአካል ክፍልነት ተነሥቶ የሹመት ማዕርግም፣ «ራሱ መጣ» በሚለው አነጋገር እንደሚታየው የባለቤቱን ማንነት ማጠንከሪያም ሆኗል፤ ፍቺዎቹ ቢበዙም አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ክር አልተበጠሰም። ሁለተኛው ሁኔታ የሞክሼዎች ነው። ሁለት ሰዎች ሳይዛመዱ አንድ ስም ሲጋሩ ሞክሼ እንደሚባሉ ሁሉ፣ ከተለያየ ሥር ተነሥተው አንድ ድምፅ ላይ የደረሱ ቃላትም ሞክሼ ቃላት ይባላሉ።

ለዚህ ሁለተኛ ሁኔታ አማርኛ ራሱ ከሳል ጋር የተያያዘ ጥሩ ምሳሌ አለው። ዛሬ «ሳለ» የሚለው ግስ ታሞ ሳለ፣ ቢላዋ ሳለ፣ መልክ ሣለ ተብሎ ለሦስት ልዩ ልዩ ድርጊቶች ሲነገር ጆሮ ልዩነት አያገኝበትም፤ በግእዝ ግን የሳል ግስ ሰዐለ፣ የቢላዋው ሰሐለ፣ የሥዕሉ ደግሞ ሠዐለ ነበር። በእነዚህ ላይ ለመነ ማለት የሆነው ሰአለ ሲታከል፣ ከእርሱ የወጣው «ተሳለ» የሚለው የአማርኛ ግስ ለተሳለው ቢላዋም ለተሳለው ሰውም እኩል የሚያገለግል ሆኗል፤ «ስለት» የሚለው ስምም ለሰይፍ አፍና ለቤተ ክርስቲያን ስእለት በአንድነት ይነገራል። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አማርኛ የግእዝን የጉሮሮ ድምፆች አ፣ ዐ፣ ሐን በግሶቹ መካከል እየዋጠ ስለመጣ፣ በሠና በሰ መካከል የነበረውም የድምፅ ልዩነት ስለጠፋ፣ በጥንት ጊዜ የተለያዩት ግሶች አንድ ድምፅ ላይ ተደራርበዋል። ስለዚህ ሳልና ሥዕል በአማርኛ የሚመሳሰሉት የሚያዛምዳቸው አሳብ ስላለ ሳይሆን፣ የሚለያያቸው ድምፅ ስለጠፋ ነው፤ የሳልን ግስ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ አቻዎቹ ጋር ያስተያየ ሰው የጠፋው የዐ ድምፅ በነዚያ ቋንቋዎች እስከ ዛሬ በቦታው መኖሩን ያያል። የ«ክሩፕ» ጉዳይም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሁለቱን ቃላት ጉዞ ወደ ኋላ ተከትሎ የት እንደሚለያዩ ማየት ያስፈልጋል።

ከስኮትላንድ የተነሣው ድምፅ

የሕመሙ ስም የተወለደው በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ የሕዝብ አነጋገር ውስጥ ሲሆን፣ መነሻውም «በሻካራ ድምፅ ጮኸ» የሚል ፍቺ ያለው ግስ ነው። ይህ ግስ ለቁራና ለእንቁራሪት ጩኸት ይነገር የነበረ የድምፅ አስመሳይ ቃል ነው፤ ድምፅ አስመሳይ የሚባለው በፍቺው የሚያመለክተውን ድምፅ በራሱ አነባበብ ለመኮረጅ የሚሞክር ቃል ሲሆን፣ የእንዲህ ዓይነቱ ቃል ሥር ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በጥንት ቋንቋ ሳይሆን በተናጋሪዎች ጆሮ ላይ ነው። የስኮትላንድ እናቶች ልጃቸው ሌሊት ነቅቶ ሲስል ድምፁ የቁራ ጩኸት ስለመሰላቸው ሕመሙን በዚያው ድምፅ ጠሩት፤ ሐኪሞች ገና ስም ሳያወጡለት ሕመሙ በሕዝብ ዘንድ ስም ነበረው ማለት ነው።

ይህን የሕዝብ ስም ወደ ሕክምና መጻሕፍት ያስገባው ፍራንሲስ ሆም የተባለ የኤድንብራ ሐኪም ሲሆን፣ በኋላ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ትምህርት መምህር የሆነው ይህ ሰው በ1765 ስለ ክሩፕ ባሕርይ፣ መንሥኤና ፈውስ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። ሆም ላቲንኛ ስም ቢያወጣለትም በርእሱ ላይ ያኖረው ግን የአገሬውን ቃል ነበር፤ በዚህም የተነሣ አንድ የስኮትላንድ የቤት ውስጥ ቃል በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይና የጀርመን ሐኪሞች መጠሪያ ለመሆን በቃ። የዚያው ከተማ ሰው የነበረው ዊልያም ከለን ደግሞ በሽታዎችን በወገን በወገናቸው በደለደለበት ሥራው ሕመሙን «የአየር ቧንቧ ኪናንኬ» ብሎ መደበው፤ ኪናንኬ በግሪክኛ ውሻንና ማነቅን ከሚያመለክቱ ሁለት ቃላት የተሠራ የጥንት የጉሮሮ ሕመም ስም ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በዲሴምበር 14 ቀን 1799 ሲሞት ሐኪሞቹ ለጋዜጣ በሰጡት መግለጫ የጻፉት የበሽታ ስም ይኸው ነበር፤ ዛሬ ብዙ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች የሚገምቱት ግን የስድሳ ሰባት ዓመቱ ሰው የሞተው በሌላ ሕመም፣ በጉሮሮ ክዳን እብጠት፣ እንደሆነ ነው። ስሙ ሰፊ፣ የሚያሳውቀው ነገር ግን ጥቂት እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንድ ስም የተሸፈኑ ሁለት በሽታዎች

ክሩፕ የሚለው ስም ከፈረስ ዳሌ ጋር መጋራቱ ማንንም አልጎዳም፤ በሕክምናው ውስጥ ግን ይኸው ስም ሁለት የማይገናኙ በሽታዎችን በአንድ ካባ ሸፍኖ መኖሩ ትልቅ ጉዳት አስከትሏል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ክሩፕ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ማንቁርትን በወፍራም ግራጫ ሽፋን ዘግቶ ሕፃኑን አፍኖ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ይህ በዛሬ ስሙ ዲፍቴሪያ፣ በአማርኛ የጤና መጻሕፍትም ዘጊ አናዳ የሚባለው ነው፤ ከእርሱ ጋር ግን ሌሊት አስፈርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚለቅ ቀላል ሕመምም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ሁለቱም ድምፅን ስለሚያጎረንኑና ትንፋሽን ስለሚያስጨንቁ በአልጋ አጠገብ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ አንድ ሐኪም «ክሩፕ አዳንሁ» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን እንዳዳነ፣ ወይም ሕፃኑ በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ እንደዳነ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር።

ጉዳዩ የመንግሥታት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል። በሜይ 1807 የሆላንድ ንጉሥ የሉዊ ቦናፓርት የበኵር ልጅ፣ የናፖሊዮን ወንድም ልጅና በዙፋኑ ወራሽነት ይታሰብ የነበረው ሕፃን ናፖሊዮን ሻርል፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው በክሩፕ ሞተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ስለዚህ በሽታ የተሻለ ጥናት ለሚያቀርብ ሰው 12,000 ፍራንክ ሽልማት እንዲሰጥ አዘዘ። ሽልማቱን የጄኔቫው ዡሪንና የብሬመኑ አልበርስ ቢካፈሉትም፣ በውድድሩ የቀረቡት ጽሑፎች መንሥኤውን ሊያገኙ አልቻሉም። የነገሩን መልክ የለወጠው የቱር ከተማ ሐኪም ፒየር ብረቶኖ ነበር፤ ይህ ሰው ከ1818 ጀምሮ በከተማው በተነሣው ወረርሽኝ የሞቱትን አስከሬኖች እየመረመረ፣ በአፍና በጉሮሮ የሚታየው ሽፋንና በአየር ቧንቧ የሚገኘው ሽፋን የአንድ ልዩ በሽታ ሥራ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1826 ባሳተመው መጽሐፍም ቆዳ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል አዲስ ስም አወጣለት። ቀደም ብሎ በ1825 ጉሮሮዋ የተዘጋባትን አንዲት ልጅ አንገቷን ከፊት በኩል ሠንጥቆ በአየር ቧንቧዋ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ በመክፈት ከሞት አድኗታል።

ከዚያ በኋላ ሥራው በተከታታይ ትውልዶች ተፈጸመ። ኤድዊን ክሌብስ በ1883 የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አየ፤ በማግሥቱ ዓመት ፍሪድሪክ ሎፍለር ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው፤ በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በሽታው የሚያመነጨውን መርዝ የሚያረክስ ኃይል በደም ውሃ ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ኤሚል ሩ በ1894 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ከፈረስ ደም የተዘጋጀውን ሴረም በሰጠ ጊዜ፣ በዲፍቴሪያ የሚሞቱት ሕፃናት ከግማሽ ገደማ ወደ ሩብ ገደማ ወረዱ። መድኃኒቱ የሚሠራው በዚያ ባክቴሪያ መርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ የስሙ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ፤ ፈረንሳዮችና ጀርመኖችም ዲፍቴሪያውን «እውነተኛ ክሩፕ»፣ ቀላሉን «ሐሰተኛ ክሩፕ» እያሉ ይለዩ ነበር። የቀላሉ ሕመም መንሥኤ የታወቀው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ በ1956 ሮበርት ቻኖክ በአሜሪካ ክሩፕ ከያዛቸው ሕፃናት አንድ ቫይረስ አገኘ፤ ከወገኖቹ ጋር ዛሬ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ይህ ቫይረስ ነው። ክትባት ዲፍቴሪያን በብዙ አገሮች ብርቅ ስላደረገው፣ «ሐሰተኛ» ይባል የነበረው ሕመም ያለ ቅጽል ክሩፕ ተብሎ የስሙ ብቸኛ ባለቤት ሆኗል።

የሳሉ አሠራር

ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ክሩፕ ሲባል የማንቁርትና የአየር ቧንቧ የቫይረስ ብግነት ነው። ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው የአየር መንገድ ዙሪያውን በተዘጋ የልም አጥንት ቀለበት የታጠረ በመሆኑ፣ ውስጠኛው ልባስ ሲያብጥ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም፤ ያለው ምርጫ ወደ ውስጥ እየገፋ መንገዱን ማጥበብ ብቻ ነው። የሕፃን የአየር መንገድ ስፋት አራት ሚሊ ሜትር ነው ቢባልና በዙሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ቢያብጥ፣ የቀረው ክፍት ቦታ ከመጀመሪያው ሩቡ ብቻ ይሆናል፤ ስምንት ሚሊ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ ግን ያው እብጠት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክፍት ይተዋል። አዋቂ ሰው በዚሁ ቫይረስ ተይዞ በጉንፋን ብቻ ሲያልፍ ሕፃኑ የሚጨነቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ድምፁ የሚጎረንነው እብጠቱ የድምፅ አውታሮችን ስለሚነካ ሲሆን፣ አየር ሲስብ የሚሰማው ሻካራ ፉጨት ደግሞ በጠበበው መንገድ በኃይል የሚያልፈው አየር የሚፈጥረው ነው፤ ምልክቶቹም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይብሳሉ።

ይህን ሕመም በኢትዮጵያ ወላጆች ዘንድ በደንብ ከሚታወቀው ትክትክ መለየት ያስፈልጋል። ትክትክ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ሕፃኑ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ተከታትሎ ይስልና በመጨረሻ አየር በረዥሙ ሲስብ ጩኸት ያሰማል፤ ሳሉም ለሳምንታት ይቆያል። ክሩፕ ግን በአብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል፤ መንሥኤው ቫይረስ በመሆኑም አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ሐኪሞች እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይሰጣሉ፤ ጭንቀቱ ለበረታበት ሕፃንም አድሬናሊን በጭጋግ መልክ እንዲተነፍስ ያደርጋሉ። በብዙ አገሮች የተለመደው የእንፋሎት መታጠን ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ሕፃኑን የማቃጠል አደጋም አለበት። ዘጊ አናዳና ትክትክ በክትባት የሚከለከሉ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው አምስት በሽታ ተከላካይ ክትባት ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ ለክሩፕ ዋና መንሥኤ ለሆነው ቫይረስ ግን እስካሁን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

ከዳሌ የወጣው ዘር

ሁለተኛው ክሩፕ የመጣበት መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛም ያገኘው ፍራንኮች ከሚባሉት የጀርመን ወገን ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ የጥንት ፍቺውም ክብ ሆኖ የወጣ ወይም ያበጠ ነገር እንደነበረ ዘመዶቹ ይመሰክራሉ። በጀርመንኛ የዚሁ ዘር የሆነው «ክሮፕፍ» እንቅርትንም፣ ወፍ የለቀመችውን እህል የምታከማችበትን የአንገት ከረጢትም ይሰይማል፤ በእንግሊዝኛ ዛሬ ለሰብል የሚነገረው «ክሮፕ» ከወፏ ከረጢትና ከተክል አናት ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ነው። በፈረንሳይኛ ክብነቱ በፈረስ የኋላ አካል ላይ ተወሰነ።

ፈረስ አዋቂዎች ለዚህ የአካል ክፍል የተለየ ስም ያስፈለጋቸው የፈረስ ጉልበት ምንጭ እርሱ ስለሆነ ነው። ከወገብ ቀጥሎ አምስት አከርካሪ አጥንቶች ተገጣጥመው እንደ አንድ አጥንት ሆነው ከዳሌ አጥንት ጋር ይያያዛሉ፤ በእነርሱ ላይ የተኛው ወፍራም ጡንቻ የኋላ እግሮችን እያንቀሳቀሰ መላ አካሉን ወደ ፊት ይገፋል። በዐረብ ፈረሶች ይህ ክፍል ለጥ ያለ ጅራቱም ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከባድ ጭነት በሚጎትቱ ዝርያዎች ግን ቁልቁል ያዘነበለና በጡንቻ የደነደነ ነው፤ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከጥርሱ ቀጥሎ ዳሌውን የሚመለከተውም ስለዚህ ነው።

ቃሉ ፈረሱን ተከትሎ ብዙ ልጆች ወልዷል። ኮርቻ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከኋላው ተነሥቶ በጅራት ሥር የሚያልፈው ጠፍር በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አጥፎ የሚዘልበት የትርኢት ዝላይም «ክሩፓድ» ይባላል። ከሁሉ የሚያስገርመው በቁማር ቤት ገንዘብ የሚሰበስበውና የሚከፍለው ሰው «ክሩፒዬ» መባሉ ነው። ይህ ቃል መጀመሪያ በፈረስ ዳሌ ላይ ከጋላቢው ኋላ የሚቀመጠውን ተፈናጣጭ ያመለክት ነበር፤ ቀጥሎ ከቁማርተኛው ኋላ ቆሞ በገንዘብም በምክርም የሚረዳው ሸሪክ በዚሁ ስም ተጠራ፤ በመጨረሻም ስሙ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ቁማር ቤቱ ሠራተኛ ተላለፈ። በሌላ በኩል በዳሌ ላይ ቁጢጥ ማለትን የሚያመለክተው የፈረንሳይኛ ግስ ቀስ በቀስ ሳይንቀሳቀሱ መቅረትን፣ ከዚያም የውሃን ረግቶ መሽተት ማለት ጀመረ። አማርኛም የሚጠቀምበት «ግሩፕ» የሚለው ቃል እንኳ በጣልያን ሠዓሊያን ዘንድ በአንድ ላይ የተሰበሰቡ ምስሎችን ከሚሰይም ቃል የመጣ ሲሆን፣ ብዙ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ጣልያንኛው የተወለደው ክብ ክምችት ከሚለው ከዚሁ የጀርመን ሥር ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ፍቺዎቹ የቱንም ያህል ቢራራቁ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀድሞው ጋር ስለሚያያዝ ትርጉመ ብዙነት የሚባለው ይህ ነው።

የመገናኛው ነጥብ

የሁለቱ መንገዶች መጋጠም በእንግሊዝኛ ብቻ አልተወሰነም። የስኮትላንዱ ቃል ወደ ፈረንሳይ በተሻገረ ጊዜ የፈረሱን ዳሌ እዚያው በቤቱ አገኘው፤ ነገር ግን ፈረንሳይኛ ስሞችን በወንድና በሴት ጾታ ስለሚለይ ሕመሙ ወንድ፣ ዳሌው ሴት ሆነው በመስተአምራቸው ይለያሉ፤ በአጻጻፍም የሴቲቱ ቃል አንድ ፊደል ትጨምራለች። ጀርመንኛም ልክ እንደዚሁ ሕመሙን በወንድ፣ ዳሌውን በሴት ጾታ ይጠራል። በስፓንኛና በጣልያንኛ ዳሌው በጥንት ጊዜ የራሱን የድምፅ ለውጥ አልፎ «ግሩፓ» እና «ግሮፓ» ስለሆነ፣ ዘግይቶ ከገባው «ክሩፕ» ከሚባለው ሕመም ጋር ፈጽሞ አይሳሳትም። ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ቢሆኑ ኖሮ በእነዚህ ቋንቋዎች አብረው በተለወጡ ነበር፤ አንዱ ጥንታዊውን የድምፅ ለውጥ ሲያልፍ ሌላው ሳይነካው መግባቱ በተለያየ ዘመን ከተለያየ ቦታ የመጡ ለመሆናቸው ማስረጃ ነው።

በዚህ መሠረት ሳል ሕፃኑን አጎንብሶ ዳሌውን ስለሚያስነሣው ስሙን ከዚያ አገኘ ብሎ መገመት ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ታሪኩ አይደግፈውም፤ ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከጉሮሮ ድምፅ እንጂ ከአካል ቅርጽ አይደለም። ጥሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ሁለት ፍቺዎች ሳይሆን፣ በተለያየ ተራ ቁጥር እንደ ሁለት ቃላት የሚያስገቡትም ስለዚህ ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ሰዐለን፣ ሰሐለንና ሠዐለን በአንድ «ሳለ» ሥር ከመደርደር ይልቅ እያንዳንዱን ከነሥሩ ለይተው ቢያስቀምጡ አንባቢን ከተመሳሳይ ግምት ያድኑታል። በሕክምና በኩል ደግሞ ትምህርቱ የበለጠ ይከብዳል፤ አንድ ስም አንድ በሽታ ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት ከሆም እስከ ቻኖክ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ሳል በምንም ስም ቢጠራው፣ ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይንቀሳቀስ እንኳ ሲተነፍስ ፉጨት የሚሰማ፣ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ምራቁን መዋጥ የሚያቅተው ከሆነ የስሙን ጉዳይ ትቶ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወስደው ይገባል።